አያ ጓንጉል ድንጋይ ያስለቀመበት ሳምንት

ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 2001

አያ ጓንጉልን ካልተበቀልሁ ዘውዲቱ አይደለሁም።

በአፌ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ አባባ ይሰማላ። እዚህ ግን «እሱ» ነው። ደብተሩ የኔ ነው።

ከጎንደር የአፈር ባለሙያ መጥቷል። ከዚህ ተራራ የትኛው ማሳ ይታረስ፣ የትኛው ከእርሻና ከከብት ተከልሎ ሣር ይብቀልበት ብሎ የሚለየው እሱ ነው። አቶ ኑሩ ይባላል፤ የአራዳ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጫማው ለአገራችን ለመካነ ብርሃን ድንጋይ አልተፈጠረም። በየማሳው ጉድጓድ ያስቆፍርና አፈሩን አይቶ ይጽፋል። ጉድጓዱ የት ይቆፈር የሚለውን የሚያሳዩት ግን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ማለት አያ ጓንጉል ነው። የቀሩት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

እኛ ማሳ ሲደርሱ ባለሙያውን በቀጥታ ወደ ዳር ወሰደው፤ ዓለቱ እንደ ከሳ ላም ጎድን ፈጥጦ ወደሚታይበት። መሐሉ ላይ በክረምት ገብሳችን ወገቤ ድረስ ይመጣል፤ ወደዚያ ዞር ብሎም አላየ። ድጅኖው ወረደ፤ ስንዝር ሳይገባ ዓለት ነካና ጮኸ። አቶ ኑሩ ጻፈ። ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተከለ። ቀይ ማለት ይከለላል ማለት ነው። ሌላ ማሳ የለንም።

«መሐሉን ምነው አታዩትም?» አልሁ።

አያ ጓንጉል ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ይህች የማን ጫጩት ናት?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባም ሳቀ፣ ከይሉኝታ። አባባ ቤቱ ሲቃጠል ሽማግሌ መጥቶ «ሸጋ እሳት ነው» ቢለው «እውነት ነው» የሚል ሰው ነው።

ለምን እንዳደረገው ይገባኛል። የሱ ማሳ ከእኛ በላይ ነው። ከዚህ ተዳፋት የሆነ ማሳ መከለሉ አይቀርም ተብሏል። የእኛ ከተሰጠ የሱ ይተርፋል። ሲሄድ ደግሞ «የናንተ እኮ ጭንጫ ነው» አለን፣ አዝኖልን። የሱስ? የሱ ማሳ ላይ እንቁላል ቢወድቅ ከመሬት በፊት ድንጋይ ነው የሚሰብረው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የበቀል ማሰቢያ ቀን። ያሰብኋቸው፦

በቅሎውን ፈትቶ መልቀቅ። (በቅሎዋ ምን አደረገችኝ?)
ጋቢው ላይ ቁንጫ ማራገፍ። (ካለው ላይ ምን ይጨመራል?)
ለቄሱ መክሰስ። (ቄሱም ይፈሩታል።)
አቶ ኑሩን መለመን።

የመጨረሻው በቀል አይደለም፤ ግን እሱን ሞከርሁ። ካረፈበት ቤት ደጃፍ ተቀምጦ አፈር በውኃ እያራሰ በጣቱ ያድበለብላል። ለሰው ጉርሻ ሊሰጥ ይመስላል። የእኛ አፈር በመጽሐፉ ሌፕቶሶል ይባላል አለኝ። የኮሶ መድኃኒት መስሎኝ ነበር። ምን ማለት ነው ስለው፣ ዓለት ላይ ያረፈ ስስ አፈር ማለት ነው አለ። «እኛ ጭንጫ እንላለን፤ አጠር ይላል» አልሁት። ሳቀና እሱንም ጻፈው።

ስለ ጉድጓዱ ስነግረው ሳቁን አቆመ። በልጅ ቃል ቦታ አልቀይርም አለ። ያሳየው ሽማግሌ ራሱ ተሳስቻለሁ ካለ ግን እንደገና ያስቆፍራል።

አያ ጓንጉል ተሳስቻለሁ ሊል! ከሱ በፊት ራስ ደጀን ያጎነብሳል።

ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አቶ ኑሩ ገመድ ዘርግቶ መሬቱ ላይ ምን ያህል ድንጋይ እንዳለም እያየ ይጽፋል። የአያ ጓንጉል ማሳ ደግሞ ገና አልታየም። እያሰብሁ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ወፍጮ ቤት ወረፋ ያዝሁ። ከፊቴ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? የአያ ጓንጉል ሚስት፣ እማማ ጥሩነሽ። እግዜር ሲረዳ እንዲህ ነው።

ባለሙያው ድንጋይ ይቆጥራል አልኋቸው። እውነት ነው። ድንጋይ የበዛበትን ማሳ ሲያይ ፊቱ ይጨልማል አልኋቸው። ፊቱ ከፀሐዩ የተነሣ ሁልጊዜ ጨለም ያለ ነው። ውሸት አልጨመርሁም፤ ጨው ብቻ።

ዱቄታቸውን እንኳ በቅጡ ሳይቋጥሩ ሄዱ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዛሬ አቦ ነው። በአቦ የሚያርስ የለም። አያ ጓንጉል ግን ደቦ ጠራ። ማረስ እንጂ ድንጋይ መልቀም አልተከለከለም አለ። ቄሱ ጠላ ቀርቦላቸው ስለነበር ክርክሩን አልገፉበትም።

ይህንን መጻፍ አለብኝ፣ ሳልረሳው። በዚህ ተዳፋት ማሳ ላይ ያለ ድንጋይ አይለቀምም። ማረሻ የሚሰብረው ትልቁ ወደ ዳር ይገፋል እንጂ ትንሹ ይተዋል። ዝናብ የሚሰስትበት አገር ነው፤ ድንጋዩ ጤዛውን ከፀሐይ ይደብቃል፣ አፈሩንም ይጫናል። «ድንጋይ የጭንጫ ጋቢ ነው» ይባላል። ለእኛ ለልጆች እንዲህ እያለ ሲያስተምረን የኖረው ማነው? አያ ጓንጉል። ዛሬ በገዛ እጁ ጋቢውን ገፈፈው።

አጥራችን ላይ ተቀምጬ ቆሎ እየበላሁ አየሁ። ወንዶቹ ድንጋዩን ወደ ገደሉ አፍ ተሸክመው ይቆልሉታል፤ እሱ በዘንጉ «ያችንም፣ ያችንም» ይላል። ወደ ማታ ማሳው የተላጨ ራስ መሰለ። አባባ ሲያልፍ አይቶ ቆመ። እንዲህስ ባይሆን ሸጋ ነበር አለ፣ በሹክሹክታ። ለአባባ ይህ ስድብ ነው።

እንዴት ያለ ቆሎ!

ዓርብ፣ የካቲት 6

አቶ ኑሩ መጣ። አያ ጓንጉል ጋቢውን አጣፍቶ እንደ ሙሽራ አባት ቆሟል። ሚስቱ እርጎ ይዛለች። እኔ ከአባባ ኋላ ነኝ፤ ሳቄን በነጠላዬ ይዤ።

ባለሙያው አፈር ዘገነ። እንደ አመድ በጣቱ መሐል አለቀ፤ የቀረውን ነፋስ ወሰደው። ድንጋዩን ማን አነሣው ብሎ ጠየቀ። «እኛ ነን እንጂ!» አለ አያ ጓንጉል።

አቶ ኑሩ ሳይቆጣ ነው የተናገረው፤ ያ ነው የሚያስፈራው። ይህ አፈር ስስ ነው፣ ይዞት የነበረው ድንጋዩ ነው፣ አሁን የሰኔው የመጀመሪያ ዝናብ ይጠርገዋል አለ። ቀይ ችካል አዘዘ። የአያ ጓንጉል አገጭ ወረደ። በሕይወቴ እንደዚያ ሸጋ ነገር አላየሁም።

ከዚያ ቀጠለና «የሚወርደው ጎርፍ ከታች ያለውን ማሳም ይዞት ይሄዳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምከልለው» አለ።

ከታች ያለው እኛ ነን።

ሳቄ ነጠላዬ ውስጥ ሞተ። ለካ የገዛ ማሳዬን ነው ሁለተኛ ያስከለልሁት።

ባለሙያው እስከ ሰኞ መካነ ብርሃን ይቆያል። ማሳው እንደነበረ ከተመለሰ የላይኛውን እንደገና አያለሁ ብሏል። ስለ ታችኛው ምንም አላለም። የእኛ ጉድጓድ ተቆፍሮ ያለቀለት ነው፤ ያሳየው ሰው ካልተናገረ በቀር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

በጠዋት አያ ጓንጉል ቤት ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሐሙስ የመጣው የደቦ ሰው ዛሬ የለም። ጠላው አልቋላ።

ዕረፍት ላይ ነን፤ የክፍሌን ልጆች አመጣለሁ፣ ድንጋዩን እንመልሳለን አልሁት። ዓይኑ በራ። ሰኞ ግን እርስዎ ለባለሙያው የእኛን ጉድጓድ ያለቦታው እንዳሳዩት በሰው ፊት ይነግሩታል አልሁት። ዓይኑ ጠፋ። አንች ማን ነሽ፣ አባትሽ ይህንን ያውቃል ወይ፣ ዛሬ ሥላሴ ነው፣ በሥላሴ ሥራ አይሠራም አለ።

«አያ፣ ድንጋይ መልቀም አልተከለከለም ብለዋል። መመለሱ የት ተከለከለ?»

ከዚያ ዘንጉን ጥሎ ተነሣ። እሺ ማለቱ ነው።

ልጆቹ መጡ። ስንፈልግ እየዘፈንን፣ ስንፈልግ እየተጣላን ተሸከምን። ድንጋይ መበተን እንደ ዘር መዝራት ነው፤ አንድ ቦታ ቢከመር ዋጋ የለውም። አያ ጓንጉል ራሱ ተሸከመ። ከባድ ከባዱን ለእሱ አቀብል ነበር። «ለሽማግሌ ትልቅ ነገር ነው የሚሰጠው» እያልሁ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ወገቤ። ቤተ ክርስቲያን አያ ጓንጉል ዓምዱን ተደግፎ ቆመ፤ ስግደት ላይ ወርዶ ለመነሣት ሰው ያዘው። ደስ አለኝ። እኔም ስሰግድ ሰው ያዘኝ።

ነገ ይናገር ይሆን? ቃሉን ቢያጥፍ ምን አደርገዋለሁ? ድንጋዩ ተመልሶለታል። ይህንን ሳላስብ ተሸከምሁ። ቂል።

ሰኞ፣ የካቲት 9

አቶ ኑሩ የላይኛውን ማሳ ዞሮ አየ። ሸጋ ነው አለ፣ በአራዳ አፉ። ቀዩ ችካል ተነቀለ። ሰዉ መበተን ጀመረ። አያ ጓንጉል ጋቢውን ያስተካክላል። ይስልና ይተዋል። እኔ ፊት ለፊቱ ቆምሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በመጨረሻ ለመሬቱ የሚናገር ይመስል፣ ያን ለት ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ዳሩን መሐል መስሎት እንደነበር ተናገረ። ፀሐይዋ ከኋላው ነበረች። አቶ ኑሩ ተሳስተዋል ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። አንድ ነገር አጉረመረመ።

«አያ፣ ነፋስ ነበር፤ አልተሰማም» አልሁ፣ በትሕትና።

«ተሳስቻለሁ» አለ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አባባ መሬት መሬት አየ፤ በአያ ጓንጉል ቦታ እሱ አፈረ።

መሐሉን አሳየሁ። የቆፈረው አባባ ነው። ስንዝር አለፈ። ክንድ አለፈ። አፈሩ ጠቆር ያለ ነው፣ የገብስ ሥር የወረደበት። አባባ ላቡን አይጠርግም፣ ይቆፍራል። ዓለቱ ሲመጣ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ነበር። አቶ ኑሩ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክኮ ብዙ ጻፈ። በሁለቱ ማሳዎች መሐል የድንጋይ እርከን ከተሠራ ይታረሳል ብዬ አቀርባለሁ አለ። የመጨረሻው ውሳኔ ከጎንደር ነው የሚመጣው። እርከኑን ሁለቱ ቤቶች አንድ ላይ ይሥሩት አለ።

አንድ ላይ። ከማን ጋር እንደሆነ ይታወቅልኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

እርከን ጀመርን። አባባ መሠረት ይቆፍራል፣ አያ ጓንጉል ይክባል፣ እኔ አቀብላለሁ። ካቡ ላይ እጁ ያምራል፤ ይህንን ለማንም አልናገርም።

ከጎንደር ወሬ የለም። አባባ የእኛን ቀይ ችካል አልነካውም። ሳይፈቀድ አይነቀልም ይላል።

እኩለ ቀን ላይ አባባ ውኃ ሊቀዳ ወረደ። አያ ጓንጉል አንድ ድንጋይ እያገላበጠ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ፦

«ጥሩነሽ ወፍጮ ቤት ከማን ጋር ስታወራ እንደዋለች ነግራኛለች። ሁለተኛ ወሬ ስታወጭ፣ ልጄ፣ ራስሽ ድንጋዩን የማትሸከሚበትን አውጭ።»

ለአባባ ይነግረው ይሆን? ከመቼ ጀምሮ አወቀ? ቅዳሜ ያን ሁሉ ሲሸከም ያውቅ ነበር? እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል።

ድንጋይ አቀበልሁት። ከባዱን።