ደጀ ሰላሙ ላይ ያወለቅሁት ቡት

ለእህቴ ለኮከብ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ብርዱ ደረትሽን ተወልሽ ወይ? ባለቤትሽ ጸጋአብስ እንዴት ነው? ልጅሽ ናዝሬት ከአዲስ አበባ ትደውልልሻለች? እኔ ከእግሬ በቀር ደኅና ነኝ። ስልክ ላይ ማልቀስ ስለምታበዢ መልሱን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

ናዝሬት አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛልኛለችና መጥተህ ጅማትህ ይሰፋ ትይኛለሽ። አልመጣም። ምክንያቱን እወቂው። በታኅሣሥ ጡረታ የወጣን መምህራን ከጤና ቢሮ ሰዎች ጋር ኳስ ገጠምን። ልሮጥ ስነሣ ከኋላ ተረከዜን የመቱኝ መሰለኝ። ዞሬ በረኛችንን ኪየርን ሰደብኩት። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ከጎሉ አልተነቃነቅሁም" አለኝ። የተበጠሰው የገዛ ጅማቴ ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ኦሞት፣ ስኳር ስላለብኝ የቀዶ ጥገናው ቁስል እንዳያስቸግር ያለ ቢላዋ መታከም ይሻልሃል አለኝ። ያልገባኝን ትእዛዝ አልቀበልምና አስረዳኝ አልኩት። ጣቶቼ ወደ ታች ተዘርግተው ከቆዩ የጅማቱ ጫፍና ጫፍ ተቀራርቦ ይያያዛል። ሁለት ሳምንት ጄሶ፤ ከዚያ ተረከዙ ሥር ሦስት ሽብልቅ ያለበት ቡት፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሽብልቅ ይወጣል። ተኝቼም እንዳላወልቀው አስጠነቀቀኝ። ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ አከበርኩትም።

በአምስተኛው ሳምንት፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ በክራንች ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ደጁ ላይ አይተውኝ፣ "ይህ መድኃኒት ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ ግባ" አሉኝ። በስልሳ አምስት ዓመቴ በጫማ መግባት አልጀምርም ብዬ አወለቅሁት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ከተረከዜ በላይ አንድ ነገር ተለቀቀ። ኦሞት አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ከጄሶው እንጀምራለን" አለ ብቻ።

ይኸው መጋቢት ገባ። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ እግሬ ቡቱ ውስጥ ይቀቀላል። የባሮ ወንዝ ቀንሶ አሸዋው ወጥቷል ይላሉ። እኔ የማየው የጎረቤቴን የአቻንን ግድግዳ ነው። ጠያቂ ሁሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያጽናናኝና በእግሩ ይሄዳል።

ትናንት ኦሞት በሆዴ አስተኝቶ ባቴን ጨመቀው። የተጎዳሁ ዕለት እንዲህ ሲያደርግ እግሬ እንደ ግንድ ነበር፤ ትናንት ግን ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ ጅማቱ እየተያያዘ ነው ማለት ነው። አንድ ሽብልቅ ቀርቶኛል። አሁንም ካበላሸሁት ቢላዋው አይቀርልኝም፤ ከስኳሬ ጋር መጨረሻውን እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ ቀጠሮው ይሰረዝ።

ጸጋአብን እጅ ነስቶሃል በይልኝ። ናዝሬትን ስለ ድካሟ አመስግኛት፤ እንዳልተቀየምኳትም ንገሪያት። ጎረቤቶችሽን ሁሉ ሰላም በይ።

በጨርቅ ጠቅልዬም አልገባም፤ በዚህ አትከራከሪኝ። ነገር ግን ሁዳዴን ያለ ቅዳሴ ማሳለፍ ከበደኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እሑድ ስትሄጂ በእኔ ፈንታ ባዶ እግርሽን ግቢልኝ፤ ቶሎም አትውጪ።

ወንድምሽ ሙሉብርሃን
ጋምቤላ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.