ጀማልን ያስገባሁበት ጨዋታ

አንዋርዬ፣ ልጄ፣ አላህ ይዘንልህ።

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የተሳፈርክበት መኪና ሰንበቴ መንገድ ላይ ከተገለበጠ ወዲህ እኔ ከከሚሴ ወጥቼ አላውቅም። ቤቱ ደህና ነው። ግድግዳውን ወንድምህ ጀማል ቀባው። ሰንበቴ ገበያ እየወሰድክ ትሸጠው የነበረውን ልብስም እሱ ተረክቦታል፤ ግን እዚሁ ደጃፋችን ላይ ነው የሚሸጠው። ሰንበቴ ልሂድ ባለ ቁጥር አሞኛል እለዋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሁንም አሞኛል እለዋለሁ።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን ስለ ስልክህ ነው። ከአስር ሶላት በኋላ አጠገቤ ተቀምጠህ የምታሰለጥነው ያ የኳስ ጌም አሁን በእኔ እጅ ነው። አሰልጣኙ ግን አንተ ነህ፤ ስምህ ከላይ ተጽፏል። መጀመሪያ የከፈትኩትም እሱን ለማየት ነበር። «ሂን ሶዳቲን እማ፣ አትፍሪ፣ ብትነኪው አይሰበርም» ትለኝ ነበር። እየፈራሁም ቢሆን ነካሁት።

ጎል ማግባት አቃተን። ያስተማርከኝን ሁሉ ሞከርኩ። ሁሉም መሀል ላይ ከተጨናነቁ እንደ ከብት ገበያ በር ነው፣ ማንም አያልፍም ብለኸኝ ስለነበር የክንፍ ተጫዋቾቹን ወደ ዳር አወጣኋቸው። ተከላካዮቹንም ትንሽ ወደ ፊት ገፋሁ። ኳሱ ከዳር ይሻገራል፣ በሩ ፊት ይወድቃል፣ የሚያገባው ሰው የለም። የሚያገባውማ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ቁጥሩን አጥቂ በወንድምህ ስም ጀማል ብለህ ሰይመኸዋል። አንድ ቀን ተጠልፎ ወደቀና ስሙ አጠገብ ቀይ የጉዳት ምልክት ወጣ። በዚያው ቀን ጀማል በትኩሳት ተኛ። ወላሂ ስልኩን ወዲያው አጠፋሁት። ሁለቱም ዳኑ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አላስገባሁትም። ጌም ከሰው ትኩሳት ጋር ምን አገናኘው እላለሁ፣ ኢስቲግፋር ብዬ አላህን ምሕረት እጠይቃለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ ወንበሩ ላይ እተወዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስልኩ ላይ አንድ መልእክት ወጣ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጀማልን አስነበብኩት። «የሚቀጥለውን ካላሸነፋችሁ አሰልጣኙ ይባረራል ይላል» አለኝ። ማን ነው የሚባረረው አልኩት። ከላይ የተጻፈውን ስምህን በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ አሰላለፉን አየና ሳቀ። «አይ እማ፣ ቤትም አስቀመጥሽኝ፣ እዚህም አስቀመጥሽኝ?» አለ። ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

አንዋርዬ፣ ከቀብርህ ቀን ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ባስገባው እንዳይወድቅብኝ፣ ባላስገባው ያንተ ስም እንዳይፋቅብኝ። ስልኩን ሦስት ቀን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ትናንት ከአስር በኋላ አወጣሁት። ቢስሚላህ ብዬ ጀማልን ወደ ሜዳ አስገባሁት። ክንፎቹን ዳር ለዳር አቆምኩ፣ እሱን ብቻውን ከፊት። ጨዋታው ሲጀመር ስልኩን በሻርፔ ሸፈንኩት። ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። ብዙ ቆይቶ ተመልካቹ ጮኸ። ለጎል ይሁን ለመውደቅ መለየት አልቻልኩም፤ ገልጬ ለማየትም ድፍረት አጣሁ። ጀማል ከደጅ ገባና ሻርፑን አነሳው። ጨዋታው አልቋል፣ አንድ ለዜሮ። ከግራ የተሻገረለትን ኳስ በጭንቅላቱ ገጭቶ አግብቶታል። ምንም አልሆነም። ስምህም ከላይ እንዳለ ነው።

ወንድምህ አጠገቤ ቁጭ አለና «ነገ ሰንበቴ ልሂድ?» አለኝ። አሞኛል ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን «ስትደርስ ደውል» ብቻ አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ሄደ። ይህን የምጽፍልህ እሱን እየጠበቅሁ ነው። እስካሁን አልደወለም። ደጃፋችን ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር እስክሪብቶውን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። አንተን አልረሳህም ልጄ፤ ግን አንተን እያስታወስኩ እሱን ማሰሬ እንዳይሆን አላህ ያግዘኝ። ስልኩ እስኪጮህ ድረስ ለሁለታችሁም ዱዓ አደርጋለሁ። ስማችሁን ስጠራ ዕድሜዬን ሙሉ ካንተ እጀምራለሁ፤ ታላቁ አንተ ነህና።

እናትህ