ወደ ግራ ያዘነበለው ጥልፍ

ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ። የሺ ከሠርጉ ጥልፍ የእሷን ግማሽ ከቡሬ ይዛ መጣች። ከእኔው ጋር አልጋው ላይ ዘረጋነው፤ አልገጠመም። ልኩ ልክ ነው፣ ክሩም ፍኖተ ሰላም ከአንድ ሱቅ የገዛነው ቀይ ክር ነው። ግን የእሷ የመስቀል ስፌቶች ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፣ የእኔዎቹ ወደ ግራ። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን አንዱ ሲያበራ ሌላው ይጠቁራል።

«የክሩ ነገር ይሆናል» አለችና ትታልኝ ወደ ሚኒባሱ ሮጠች። የሺ የእጮኛዬ የዳኛቸው እህት ናት። ክፋት የላትም፣ ችኩል ናት እንጂ።

የክሩ ነገር አይደለም። እኔ ግራኝ ስለሆንኩ ነው።

ተራ መስቀል ቢሆን ማንም አያውቅብኝም ነበር። ይኼኛው ግን አንድ እግሩ ረጅም ነው። ሁለት ቀዳዳ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ እየተባለ ሲደራረብ ሹሩባ ይመስላል። የእኔ ሹሩባ በተቃራኒው ተጎነጎነ።

ረቡዕ

ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ ግን እኔም አላውቅም።

አባቴ በልምጭ አስተካክሎኛል። በቀኝ እበላለሁ፣ በቀኝ እጽፋለሁ፣ በቀኝ እጨብጣለሁ። መርፌ ብቻ ቀረ፣ ማንም አላየውማ። ለዳኛቸው እንኳ አልነገርኩትም፤ ሠርጋችን ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ባለፈው እናቱ እትዬ አበቡ ስለ አንዲት የጎረቤት ሙሽራ ሲያወሩ «በግራዋ ወጥ ከምታወጣ ምራት ይሰውረን» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አንድ መስመር ፈትቼ በቀኝ እጄ ሞከርኩ። ጣቴን ሦስት ጊዜ ወጋሁት። የሰፋሁትም ተንዘላዝሎ ቀረ። መልሼ ፈታሁት።

ሐሙስ

የአንድ ለአምስት ስብሰባ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ጣቶቼ ጭኔ ላይ መርፌ የያዙ ይመስል ይንቀሳቀሳሉ። ሰብሳቢው «ሐሳብ አለሽ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። ያለኝ ሐሳብ ሁሉ ጥልፉን በሠራሁበት፣ ተተርትሮ በተዘረጋው የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው።

ያለኝ ምርጫ፦

መፍታት። የሦስት ሳምንት ሥራ ነው፣ አልደርስበትም። የተፈታ ክርም ጸጉር ያወጣል።

በየሺ ማላከክ። ነውር ነው። ግን አስቤዋለሁ።

መናገር።

ማታ የሺ ደወለች፤ ነገ እትዬ አበቡ ሊያዩት ይመጣሉ። ዳሱ ውስጥ ከሙሽሮቹ ኋላ የሚሰቀለው እሱ ነው፣ ዕድምተኛው ሁሉ ያየዋል። እህል አልወርድልኝ አለ።

ዓርብ

እትዬ አበቡ ከየሺ ጋር መጡ። ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሁለቱንም ዘረጉ። ፊቱን ብዙም አላዩት። ገልብጠው ጀርባውን መረመሩ፣ ክሩን በጥፍራቸው ሳብ ሳብ አደረጉት።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእኔ ነው እትዬ። ግራኝ ስለሆንኩ ነው እንዲያ ያዘነበለው።» ወጣልኝ።

ቀና ብለው አዩኝና፣ «ዳኛቸው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ዛሬውኑ ንገሪው። ሰው ፊት በቀኝሽ ብዪ፣ ወሬ አልወድም። መርፌውን ግን በለመድሽበት ያዢ።»

ከዚያ መቀስ ጠየቁ። የእኔን ሊቆርጡት መሰለኝ። ያነሱት ግን የየሺን ነው። የመጀመሪያውን መስመር ቀጭ አደረጉና «የላላው ይፈታ» አሉ። «ከዚያኛው ጫፍ ጀምራ ከአንቺው ጋር ታስማማው። ካልደረሰላት የሰፈር ልጆች ያግዟታል።»

የሺ የተቆረጠውን ክር ከአልጋው ላይ ለቀመች።

ቅዳሜ

ትናንት ማታ ለዳኛቸው ደውዬ ነገርኩት። «ይኼን ነው የደበቅሽኝ?» ብሎ ሳቀ። ቀለለኝ፣ ደግሞም ተናደድኩ። ስንት ቀን እህል የከለከለኝን ነገር በአንድ ሳቅ ጨረሰው።

የሺ እኔ ጋ አደረች። ጠዋት አጠገቤ ተቀምጣ፣ አካሄዱን አንዴ አሳየኋትና ጀመረች። በኋላ፣ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «እኔን እኮ እማዬ አንድ ቀን እንኳ ጥሩ ሠራሽ ብላኝ አታውቅም» አለች።

እኔንም አላሉኝም ልላት ፈለግኩ። ግን የተቆረጠው የእኔ አይደለም። ክር ቆርጬ አቀበልኳት።

እስካሁን ሦስት መስመር ሠርታለች። ሁለተኛው አሁንም ላላ ይላል። አይቼዋለሁ፤ አልነገርኳትም።