ዕርቁ ለሌላ እሑድ ተቀጠረ

እሑድ፣ የካቲት 15

ዛሬም ሽምግልና ነበር። ፍርድ ቤቱ ፍቺያችንን ከማጽደቁ በፊት «በሽማግሌ ሞክሩ» ስላለን፣ እኔና ባሌ ሰለሞን ያኔ እኔን ለትዳር ለመጠየቅ አባቴ ቤት የመጡትን አራት ሽማግሌዎች ጠርተናል። ሁሉም የካዛንቺስ ሰዎች ናቸው። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ገላን ተበታትነው፣ የሚገናኙት እኛ ቤት ብቻ ሆኗል።

ላንቻ ድረስ መጥተው ገና ከበር ሲተያዩ ተቃቀፉ። ከዚያ በቃ፣ የሰፈር ወሬ። የሰለሞንን በደል ልዘረዝር ጉሮሮዬን ስጠርግ ጋሽ ታደሰ «ቆይ ልጄ» ብለውኝ፣ ድሮ ቦኖ ውሃ ላይ ማን ከማን እንደተጣላ መተረካቸውን ቀጠሉ። ሲነሡ ደግሞ «ነገራችሁ ከባድ ነው፣ ለሚቀጥለው እሑድ ይቀጠር» አሉ። መቼ ሰሙትና ነው የከበዳቸው!

ሳህን ሳጥብ ሰለሞን መጥቶ ማድረቅ ጀመረ። ድንገት ሳቀ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ።

«ታርቀናል እንበላቸው እንዴ?» አለኝ።

«አብደሃል? እኛ ከታረቅን እነሱ የት ይገናኛሉ?»

የያዘውን ሳህን አስቀመጠና «እንግዲያው ለእሑድ የምንጣላበት ነገር ፈልጊ» ብሎኝ ወጣ።

ዞር ብዬ ባይ ሳህኖቹን ሁሉ እንደረጠቡ ደርድሯቸዋል። ልጠራው ብዬ ተውኩት። ለእሑድ ይሆነኛል።