ዘጠና እንዲሞሉ ያመጣኋቸው ሃያ ዘጠኝ ሰዎች

ለልጅ ልጄ ለጉንጬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ባልሽስ? ያ ዝምተኛ ሰው አሁን አፍ አወጣ ወይስ የሁለታችሁንም ወሬ አንቺው ታወሪያለሽ? ልጅሽ ጥርስ አበቀለች አሉ፤ እኔ የጣልኩትን አንስታ እንዳይሆን። እኛ አለን። ጉልበቴ ቢከዳኝም ምላሴ አልከዳኝም፤ ምላሴ ከድቶኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

ባለፈው በስልክ «የጥናቱ ውጤት ምን ሆነ?» ስትይኝ መስመሩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ ደህና ነበር። አባትሽ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፤ የማልኩት ግን በአፌ ነውና በእጄ እጽፍልሻለሁ።

እንደምታውቂው የጥጥ መዳመጫው ፋብሪካ ሐኪም ስለ አባትሽ «ሳሉ ከጥጡ ብናኝ የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት ካልቀረበልኝ ልጅህን ወደ ደጅ ሥራ ላዛውረው አልችልም» ብሎን ነበር። ስለዚህ ያቺ የሳንባ አጥኚ የመለኪያ ቱቦዋን ይዛ ስትመጣ እንደ ዝናብ ተቀበልናት። ሰው ቱቦውን ይነፋል፣ መሣሪያው የሳንባውን አቅም ይጽፋል። ጥጥ ክፍል ያልገቡ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎችን ዘጠና ለክታለች፤ ጥጥ ክፍል ከሠራነው ከእኛም ዘጠና ፈለገች። ስንፈላለግ ስድሳ አንድ ሆንን። የሞተ ሰው ቱቦ አይነፋም።

«አንቺ ልጅ፣ ስድሳ አንድ ሰው ሲያስል ካልሰማሽ የታመመው ጆሮሽ ነው» አልኳት። ስቃ ከቦርሳዋ ሳንቲም አወጣች። «አባባ፣ አራት ጊዜ ወርውሬው ሦስቱ ዘውድ ቢወጣ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ዕድል ነው አልኳት። «መቶ ጊዜ ወርውሬው ሰባ አምስቱ ዘውድ ቢሆንስ?» አለች። «አጭበርባሪ ነሽ እላለሁ» አልኳት። «በቃ፣ ሰው ካነሰኝ ፋብሪካው ዕድል ነው ብሎ ይመልሰኛል» አለችኝ።

ገባኝ፤ የገባኝ ግን ግማሹ ነው። ቁጥሩ ይሙላ እንጂ በማን እንደሚሞላ አላሰብኩም። «የቀሩትን እኔ ፈልጌ አመጣልሻለሁ» ብዬ ወጣሁ። ፀጉር አስተካካዩን፣ ልብስ ሰፊውን፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰበሰብኩ። «ስትገቡ ሳሉ፤ አሥራ አምስት ዓመት ጥጥ ክፍል ሠርቻለሁ በሉ» ብዬ አስጠናኋቸው። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ሲያስል እኔ ራሴ አዘንኩለት። ቱቦው አፋቸው ላይ ሲደርስ ግን ማን ከማን ያንሳል! ዘበኛው እንደ ጥሩምባ ነፋው። ከውጭ ሆነን በሳቅ ፈረስን።

ባለፈው ወር ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። በእኛና በውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች መካከል የሚያስተማምን ልዩነት አልተገኘም። አባትሽ አጠገቤ ሆኖ እያሳለ ነው የሰማው። ያኔ ተናዘዝኩ። ሃያ ዘጠኙን አውጥተሽ ጣያቸው አልኳት። የትኞቹ እንደሆኑ ማወቂያ የላትም፤ ፋብሪካው ቂም እንዳይዝብን ስማችን አይጻፍ ብለን የለመንናት እኛው ነን። ወረቀቷ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። እንደገና እንዳትለካን ፈቃዷ አልቋል፤ ከስድሳ አንዱም አራቱን ቀብረናል። «አባባ፣ አላገኘሁም ቢሉኝ ኖሮ የጎደለውን ሌላ ከተማ ካለ መዳመጫ እሞላው ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥናቱ ተበላሽቷል ብላ ለፋብሪካው ጽፋለች፤ ሐኪሙ ግን መዝገቡ ውስጥ ያስገባው ቀድሞ የደረሰውን፣ ልዩነት የለም የሚለውን ወረቀት ብቻ ነው። ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። «አንተ መቼ ቁም ነገር ታውቃለህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሰባ ዓመት ሙሉ ስቀልድ ኖሬ፣ አንድ ቀን የምሬን ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ።

ቁጥር የተማርሽው አንቺ ነሽና መላ ካለው ብዬ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር። አጥኚዋ የለውም ካለች ግን የለውም፤ አንቺንም በከንቱ አላድክምሽ። አባትሽን ሥራውን ተወው ብዬው ነበር። «ትቼ ምን ልብላ፣ ቀልድህን?» አለኝ።

አያትሽ በጣም ትስምሻለች፤ ከእኔ ጋር መነጋገር ካቆመች ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ የአባትሽን ትራስ በሁለት አድርጋለታለች፣ ተጋድሞ መተንፈስ ስላቃተው። አባትሽ ራሱ እንዳይጽፍልሽ ፈረቃ ገብቷል፤ በርቺ ብሎሻል። ታናሽ ወንድምሽም ሰላም ብሎሻል። ሥራ አገኘ። ፋብሪካው በሩ ላይ የለጠፈውን፣ ብናኙ ጉዳት የለውም የሚለውን ወረቀት አንብቦ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጥጥ ክፍል ይገባል።

አያትሽ
ከመዳመጫው አጥር ጀርባ፣ ሰኔ ፲፬ ቀን