የቁም ሳጥንሽ ጀርባ

እታለም፣

ሻይ ፔርሙዝ ውስጥ አለ። መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኩትን ትንሹን የባቡር ጣቢያ እንዳትነኪው፣ ኮላው አልደረቀም።

ትናንት የጣቢያውን ጣሪያ አይተሽ «እንዴት ያምራል! እንጨቱን ከየት አመጣኸው?» ስትይኝ ኮላ ላመጣ ብዬ ወደ ጓዳ ሸሸሁ።

ከቁም ሳጥንሽ ጀርባ ነው ያመጣሁት።

አናጢው አልሰረቀሽም። መሳቢያውን ሊጠግን ሲመላለስ በነበረበት ሰሞን የጀርባውን ጣውላ ነቅዬ በርካሽ ኮምፖርሳቶ የተካሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ያለ ቀይ፣ ደረቅ እንጨት አይቼ አላውቅም፤ እጄን በላኝ። «ሌባ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!» ብለሽ ስታባርሪው፣ እኔ ጓዳ ተቀምጬ ጥፍር የሚያህሉ መስኮቶች እሞርድ ነበር። ጀግናው ወንድምሽ! ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ በባቡር ስጫወት ይኸው ሃምሳ አራት ሞላኝ። ስንት ሺህ ጊዜ ባቡር ያስነሳሁ ሰውዬ ራሴን ከወንበር አስነስቼ «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። አፈር ልብላ።

የሚመላለሰው ለመሳቢያው ብቻ እንዳልነበር አውቃለሁ። አንድ መሳቢያ አራት ጊዜ አይጠገንም። አንቺም ያን ሰሞን እየዘፈንሽ ነበር ቤት የምትጠርጊው። እሱን ካገባሽ ግን እኔ ከማን ጋር…

ይሄን ተይው።

አሁን ወደ አናጢው ሥራ ቦታ መሄዴ ነው። በሠራተኞቹ ፊት እነግረዋለሁ፤ ቢስቁብኝም ይገባኛል። በመዶሻ ካላባረረኝ ለምሳ ይዤው እመጣለሁ።

ሲያንኳኳ አንቺ ክፈቺለት። እኔ ከኋላው እደበቃለሁ።

ያው ወንድምሽ