የአጋሰስ ቀኝ ጎን

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለፍንጣሪ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባልሽስ ደህና ነው? ትንሿ ልጅሽ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ እኔ በድዷ ነው የምትስቀው? ዓይንሽንስ ከብየዳው እሳት እየጠበቅሽ ነው? መነጽሩን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ መሥራቱን ትተሻል ብዬ ልመን? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ስል እናትሽ አጠገቤ ተቀምጣለችና «አትዋሽ፤ ደክሞናል በላት» አለችኝ። እንግዲህ ደክሞናል፤ ሰላም ግን ነን።

ባለፈው በስልክ «አጋሰስ ለምን ቆመች?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቆረጠ። እውነቱን ለመናገር የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። አሁን ቁጭ በይና አንብቢው።

ከመሄድሽ በፊት እኔና አንቺ ያቺን አሮጌ መኪናችንን፣ አጋሰስን፣ ጓሮ ውስጥ ድንጋይ ላይ አቁመን ከፍ ያደረግናት ጊዜ ትዝ ይልሻል። ባሌስትራዋን፣ ክብደቷን የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ በወፍራም ቀየርን፤ ትልልቅ ጎማ አጠለቅንላት፤ ወንዙ ሞተሯ ውስጥ እንዳይገባ የአየር መሳቢያውን ቱቦ እስከ ጣሪያዋ አወጣነው። የኋላውን የባሌስትራ ማንጠልጠያ ብረት ደግሞ በአዲስ ሠርተን አጥንቷ የሆነው ቻሲ ላይ በየድነው፤ የግራውን እኔ፣ የቀኙን አንቺ። እኔ ጨርሼ እጄን ስታጠብ አንቺ ገና ግማሹ ላይ ነበርሽ። «ይቺ ልጅ ብረት ነው የምትበይደው ወይስ ጥልፍ ነው የምትጠልፈው?» ብዬ ሰፈሩን አሳቅኩብሽ። ከዚያ ወዲህ አጋሰስ በሳምንት ሁለቴ እናትሽን ለኩላሊት እጥበት ወንዙን አሻግራ፣ ያንን የድንጋይ ዳገት ወጥታ ሆስፒታል ስታደርስ አንድም ቀን አሳፍራን አታውቅም። እናትሽም እንደ ልማዷ ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል፣ የጠዋት ፀሐይ ፊቷን እየለበለባት ትቀመጣለች። «እትዬ፣ ወደ ጥላው ፈቀቅ በይ» ስላት አትሰማም።

ችግሩ የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ከኢንሹራንሱ ነው። በየዓመቱ መኪናዋን ሳያይ ውሉን የሚያድስልን ሽማግሌ ጡረታ ወጣ። በቦታው የተቀመጠችው ወጣት ፎቶ አምጡ አለች፤ ወሰድኩላት። ፎቶውን አየች፤ ውሉን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ጋሼ፣ ውሉ ላይ ያለችው መኪና ሌላ፣ እዚህ ያለችው ሌላ» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ በሠርጌ ፎቶ ላይ ያለሁትም እኔ ሌላ ነኝ፤ ሚስቴ ግን ውሉን አላፈረሰችም» አልኳት። አልሳቀችም። ከፋብሪካ እንደወጣች ተብላ የተመዘገበች መኪና ተቀይራ ከተገኘች፣ ብትገለበጥ ለመኪናዋም ሆነ ለተሳፋሪዋ ምንም እንደማይከፍሉ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። «ለመሆኑ ተሳፋሪዋ ማን ናት?» ስትለኝ «እህቴ» አልኩ። ቀልዱ ከአፌ የጠፋው ያኔ ነው።

የሰጡኝ ምርጫ ሁለት ነበር። ወይ አጋሰስን ወደ ድሮ ቁመቷ መመለስ፣ ወይ ደግሞ እንዳለች መድን መግባት፤ ግን በተሠራ መንገድ ላይ ለምትሄድበት ብቻ። ከአስፋልት ከወረደች ዋስትና የላትም። እስቲ ፍረጂኝ! ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ጉድ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጃንጥላ ሰጥተው «ቤት ውስጥ ብቻ ዘርጋው» እንደማለት ነው። ዝቅ እናድርጋት ብንል ደግሞ መጀመሪያ በመጣው ጎርፍ ሞተሯ ውሃ ይጠጣል።

ነገሩ እስኪለይለት እናትሽን አጋሰስ ላይ አላሳፍርም አልኩ። ስለዚህ በእግረኛው ድልድይ እየተሻገርን ዳገቱን በእግር እንወጣው ጀመር። በርጩማ በራሴ ተሸክሜ ከፊት ከፊቷ እሄዳለሁ፤ በየመታጠፊያው አስቀምጥላትና ታርፋለች። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ታክሲ እንይዛለን። ስንሄድ እንኳን ይሻላል፤ ጉዱ ስንመለስ ነው። ከእጥበቱ ማሽን ስትነሳ እግሯ የእሷ አይመስልም። ሆስፒታሉ አጠገብ ቤት እንከራይልሽ ብለን ብንለምናት «ከቤቴ የሚያስወጣኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ገና ነው» ብላ እምቢ አለች። አንድ ቀን ቁልቁለቱ መሃል ተቀምጣ «እኔን እዚሁ ተወኝና በርጩማውን ይዘህ ግባ፤ እሱ ይጠቅምሃል» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ በርጩማውን በአንድ እጄ፣ እሷን በሌላው ይዤ ወረድን።

በቀረው ቀን ቢሮ መመላለስ ሆነ ሥራዬ። ዘበኛው በጣም ስለለመደኝ ቁርሱን ያካፍለኝ ጀመር። በመጨረሻ ያቺ ወጣት ሳልሰለቻት አልቀረሁም፣ ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲያያት ፈቀደች። «የተቀየረውን ሁሉ ንገሩት፤ ያልነገራችሁንን አንሸፍንም» አለችኝ። ሰውዬው ሲመጣ ታዲያ ምንም አላስቀረሁም። ጎማውን፣ ቱቦውን፣ ከአውቶቡስ የነቀልኩትን መስታወት፣ እንደ በሬ የሚያገሳውን ክላክስ ሳይቀር ነገርኩት። ክላክሱን ሲጫነው የጎረቤት ጥጃ ከአጥር ማዶ መለሰችለት። ትንሽ ባትሪ እያበራ መኪና ሥር ስለሚገባ ሚስቴ «ባትሪው» ብላ ስም አወጣችለት።

ባትሪው መኪናዋን ወንዙን ስትሻገር ልያት አለ። የእናትሽን ሕግ ታውቂያለሽ፤ ሰው በዱላ እየለካ ገብቶ ሳይመለስ አጋሰስ ውሃ አትነካም። ሁልጊዜ የምገባው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ሰይጣን ጎሸም አደረገኝና «የወንዙ ሕግ ነው፤ እንግዳ ይቀድማል» ብዬ ዱላውን ሰጠሁት። ምስኪን! ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ውሃው ጉልበቱን ሲያልፍ እናትሽ ከዳር በርጩማዋ ላይ ሆና «አንተ ቀልማዳ፣ የሰው ልጅ ልታሰጥም ነው?» ብላ ጮኸች። ሰውዬው ግን እስከ ማዶ ሄዶ ተመለሰ። ሱሪውን እየጨመቀ «ሁልጊዜ እንዲህ እየለካችሁ ነው የምትገቡት?» ብሎ ጠየቀ። እናትሽም «ሳይለካ ገብታ አታውቅም። የሚለካው ግን ይሄ ቀልማዳ ነው እንጂ እንግዳ አይደለም፤ ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ» አለችው። አልተቆጣም። ይልቅስ ቆሞ ጻፈው።

ከዚያ አጋሰስን ብቻዬን አሻግሬ ስመልሳት አይቶ ሥሯ ተኛ። በግራ በኩል ብዙ ቆየ፤ በቀኝ በኩል ቶሎ ጨረሰ። አቧራውን እያራገፈ ወጣና «እነዚህን ሁለቱን የበየደው አንድ ሰው አይደለም» አለ። አይደለም አልኩ። «የቀኙን ማን ሠራው?» የእህቴ ልጅ ናት አልኩት። የት እንደተማርሽ ሲጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ «እዚሁ ጓሮ፣ ከእኔ» አልኩ። «ታዲያ እርስዎ ከማን ተማሩ?» አለኝ። ሚስቴ ይኸው እስከ ዛሬ ትስቃለች።

እኔ ግን ብዙም አልሳቅኩም። የእጅ ባትሪውን ከሰውዬው ተቀብዬ ገብቼ አየሁት። የእኔ ብየዳ ላዩ ወፍራም ነው እንጂ ብረቱን አልነከሰም፤ ከሥሩ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተከትሏል። በጣቴ ዳሰስኩት። ወንዙ መሃል ቢለቅ ኖሮ አጋሰስ በግራ ጎኗ ነበር የምትተኛው፤ እናትሽን ይዛ። ለካ ስረግመው የከረምኩት የኢንሹራንስ ቢሮ ነው ያተረፈን። ይህን ለዘበኛው እንዳትነግሪብኝ፤ አብረን ነበር ስናማቸው የከረምነው።

ትናንት መልሱ መጣ። የቀየርነው ሁሉ ውሉ ላይ ይገባል። ክፍያው ከፍ ብሏል፣ እንችለዋለን። የድንጋዩ መንገድም ወንዙም ተሸፍኗል፤ ውሃው በየጊዜው እየተለካ እስከተገባ ድረስ ይላል። እንግዳ ይቅደም አይልም። ነገር ግን የግራው ማንጠልጠያ ፈቃድ ባለው በያጅ ተቆርጦ እንደገና ተበይዶ ካልታየ እናትሽ አትሳፈርም።

ይህን ስታነቢ ሻንጣሽን እንደምታወርጂ አውቃለሁ። መልሺው! ፈቃድ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ግን ለአንድ ማንጠልጠያ ሥራና ሕፃን ጥሎ አይመጣም። ከከተማ አንድ ባለፈቃድ ሰኞ ይመጣል። «እንዲመሳሰሉ ሁለቱንም ልሥራቸው» ብሎኝ ነበር። «ግራውን እንደ ፈለግህ አድርገው፤ የቀኙን ከነካህ ግን ክላክሱን ጆሮህ ሥር ነው የማስጮኸው» አልኩት። እስከዚያው እኔና በርጩማው አለን።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ እናንተ ቤት ጣሪያ ላይ የሚያንጠባጥበውን ቀዳዳ በጨርቅ መድፈኑን ይተው በይው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአከራይሽ ለዚያች ደግ ሴትዮም ጤና ይስጥልኝ በያት። ሚስቴ «ከማን ተማሩ?» ብለህ ሰላም በላት ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ።

እናትሽ ደህና ናት፤ ዛሬ ትንሽ በልታለች። ስለ ስንጥቁ ለመንገር ፈርቼ ከርሜ ትናንት ማታ ነገርኳት። ምንም አልደነገጠች። ነጠላዋን እያስተካከለች «ለዚህ ነው እንዴ ፊትህ የጠቆረው? እኔ እንደሆንኩ ድሮም ልጄ በበየደችው በኩል ነው የምቀመጠው» አለችኝ።

ተበልጦ የደከመው አጎትሽ

ከወንዙ ማዶ፣ ከእናትሽ ቤት
ሰኔ ፲፬ ቀን